ሰማዩ እስኪገለጥ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ጥልቅ ሰማይ ፎቶ ናቸው፤ ማለትም ኔቡላ (በጠፈር ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና)፣ ጋላክሲና የከዋክብት ዘለላ ብርሃናቸውን በደቂቃና በሰዓት እያጠራቀሙ ስለ ማንሳት። የሁሉም እሮሮ ደግሞ አንድ ነው፦ ደመና። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አጣምረን መልሰናል። ወሩም ሰዓቱም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። የካኖን ካሜራና ባለ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ አለኝ፤ ኮከብ ተከትሎ የሚዞር ትራከር ግን የለኝም። ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማይ የሚባል ነገር አላይም። ይህ ነገር ለእኛ አገር ይሆናል ወይስ ገንዘቤን ላትርፍ? (አንባቢ፣ ከሲኤምሲ)

መልስ፦ ገንዘብዎ ይቆይ፤ መጀመሪያ በእጅዎ ያለው ዕቃ የሚያደርስዎት ድረስ ይሂዱ። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። ስለዚህ የሰሜኑን አንድሮሜዳ ጋላክሲም፣ አውሮፓ ያለ ሰው ከቤቱ ሆኖ የማያየውን የደቡቡን ካሪና ኔቡላም ከአንድ ጣሪያ ላይ ማንሳት ይቻላል። ክረምቱ የሚወስድብዎት ሦስት አራት ወር ነው፤ የቀረውን ማወቅ ነው ቁም ነገሩ።

ከመስቀል በኋላ ሰማዩ መጥራት ሲጀምር አንድሮሜዳ፣ በካታሎግ ስሟ ኤም 31፣ እኩለ ሌሊት ገደማ በሰሜን በኩል 58 ዲግሪ ከፍታ ላይ ትደርሳለች። ኅዳር አጋማሽ ላይ እዚያው ቦታ የምትገኘው ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ኅዳር የሰባቱ ከዋክብት፣ ታኅሣሥና ጥር የኦሪዮን ወራት ናቸው፤ የኦሪዮን ኔቡላ (ኤም 42) ከአዲስ አበባ እስከ 76 ዲግሪ ይወጣል፣ አናት ላይ ነው ለማለት ትንሽ ነው የሚቀረው። የካቲት መጨረሻ ላይ ካሪና እኩለ ሌሊት ገደማ በደቡብ በኩል 21 ዲግሪ ላይ ትቆማለች። ዝቅ ያለች ስለሆነች በስተደቡብ ሕንፃ የማይከልለው ቦታ ትፈልጋለች። ሚያዝያ ላይ ኦሜጋ ሴንታውሪ የተባለው ግዙፍ የከዋክብት ዘለላ 33 ዲግሪ ላይ ይመጣል።

የሚያስቆጨው የጋላክሲያችን መሐል ነው። ላጉን ኔቡላ (ኤም 8) እኩለ ሌሊት ላይ ጫፉ የሚደርሰው ሰኔ አጋማሽ ላይ ነው፤ ልክ ዝናቡ ሲገባ። መፍትሔው መጋቢትን መጠቀም ነው። በመጋቢት አጋማሽ ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ድረስ ኤም 8 ከ30 ወደ 50 ዲግሪ ገደማ እየወጣ ይሄዳል። በበልግ ወራት ደመናው በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ የመሬቱ ሙቀት ያነሣው ነው፤ ፀሐይ ስትገባ መሬቱ ይበርዳል፣ ደመናውም እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ተዘግቶ ያዩት ሰማይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ወለል ብሎ ሊጠብቅዎት ይችላል። ተስፋ ቆርጠው የተኙበት ሌሊት ብዙ ጊዜ ጥሩው ሌሊት ነው።

ያለ ትራከር እንዴት ይነሣል? መሬት ስለምትዞር ኮከቡ ይሳባል። በእርስዎ ካሜራ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ላይ 6 ሰከንድ አካባቢ ወሰኑ ነው፤ ኮከቡ ነጥብ እንዲሆን ከፈለጉ 4 ሰከንድ ላይ ይቁሙ። ሌንሱን ሙሉ ለሙሉ አይክፈቱት፤ ኤፍ 1.8 ላይ በፎቶው ጥግ ያሉ ኮከቦች ክንፍ ያወጣሉ፣ ኤፍ 2.8 ላይ ይሰበሰባሉ። አይኤስኦ 1600፣ ፋይሉ ሮው (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል)፣ የረጅም ኤክስፖዠር (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) ኖይዝ (ፎቶው ላይ የሚወጣ ሽፍታ) መቀነሻው ጠፍቶ። ይህ መቀነሻ ከበራ ካሜራው ከእያንዳንዱ ፎቶ በኋላ ሌላ ጨለማ ፎቶ እያነሣ የሰማዩን ጊዜ በግማሽ ይበላብዎታል። ፎከሱን በስክሪኑ ላይ 10 ጊዜ አጉልተው በሪጀል ወይም በሲሪየስ ያስተካክሉ፤ ኮከቡ ትንሹ ነጥብ ሲሆን ቀለበቱን በፕላስተር ያጣብቁት። ከዚያ በኢንተርቫሎሜትር (ካሜራውን በተከታታይ ራሱ በሚያስነሣው መሣሪያ) 300 ፎቶ፤ 20 ደቂቃ ብርሃን ማለት ነው። በ20 ደቂቃ ሰማዩ 5 ዲግሪ ይንሸራተታል፤ የካሜራውን አቅጣጫ መልሰው ያስተካክሉና ሌላ 300 ያንሡ። 900 ሲሆን አንድ ሰዓት ሞላዎት። በመጨረሻ ሌንሱን ከድነው በዚያው ቅንብር 30 ፎቶ ይውሰዱ፤ ዳርክ የሚባሉት፣ የካሜራው የራሱ ኖይዝ የሚቀነስባቸው፣ እነዚህ ናቸው። ሲሪል የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይደርባቸዋል።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ትራይፖድ ማውጣት ድካም ነው። ያን ጊዜ ለቤት ሥራ ያውሉት፤ ያለፈውን በጋ ፋይሎች እንደገና ይደርቡ፣ አሠራሩ ሲለምድዎት ከዚያው ፎቶ ብዙ ይወጣል። አንድ ነገር ግን አይርሱ፦ ሰፈሩ መብራት ጠፋ ብሎ ሲያማርር፣ ሰማዩም ተገልጦ ከሆነ፣ ካሜራዎን ይዘው ይውጡ። ከዚያ የተሻለ ማጣሪያ በገበያ አይሸጥም።

ጥያቄ፦ የአየር ትንበያው አፕ 10 በመቶ ደመና ይላል፤ ስወጣ ድፍን ነው። የትኛውን ልመን? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አንዱንም ብቻውን አይመኑ። የአውሮፓው የትንበያ ሞዴል ዓለምን በ9 ኪሎ ሜትር፣ የአሜሪካው በ13 ኪሎ ሜትር አካባቢ ካሬ ከፋፍሎ ነው የሚያሰላው። ተራራና ሐይቅ በአንድ ካሬ ውስጥ የሚፈጥሩት ደመና አይታየውም። አፑ ላይ ድምሩን ትተው ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ደመናን ለየብቻ ይዩ። ዝቅተኛው ክፍተት አለው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። ከፍተኛው ስስ ደመና ነው አታላዩ፦ በዓይን ሰማዩ የጠራ ይመስላል፣ ፎቶው ላይ ግን እያንዳንዱ ኮከብ ጭጋግ ለብሶ ይወጣል።

ከመውጣትዎ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ትንበያ ሳይሆን የሜቴዎሳት ሳተላይት ምስል ይዩ፤ አፍሪካን በየ10 ወይም በየ15 ደቂቃው ያሳያል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የሌሊቱ ምስል የሚነሣው በሙቀት ጨረር ነው። ከፍ ያለ ደመና በጣም ቀዝቃዛ ስለሆነ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ዝቅ ያለ ደመናና ጉም ግን ሙቀቱ ከመሬቱ ስለሚቀራረብ ምስሉ ላይ ላይለይ ይችላል። ሳተላይቱ ጥቁር ሆኖ ሰማዩ ድፍን የሆነብዎት በዚህ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ሲያትል ነኝ። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ የሚገለጠው በወር ጥቂት ጊዜ፣ እሱም ለአርባ ደቂቃ ነው። ቴሌስኮፑን ተክዬ ስጨርስ ደመናው ይመለሳል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ጊዜዎን የወሰደው ደመናው ብቻ አይደለም፤ ተከላውም ነው። አርባ ደቂቃ ሰማይና አርባ ደቂቃ ተከላ ሲጋጠሙ ውጤቱ ዜሮ ነው። ተከላው ወደ አሥር ደቂቃ ከወረደ ግን በየክፍተቱ ሠላሳ ደቂቃ ያገኛሉ፤ ስምንት እንዲህ ያለ ክፍተት ተደምሮ አራት ሰዓት ይሆናል።

መጀመሪያ የትራይፖዱ እግሮች የሚቆሙበትን ሦስት ነጥብ በረንዳው ሲሚንቶ ላይ በቀለም ምልክት ያድርጉ። የእግሮቹን ርዝመት በፕላስተር ምልክት ያድርጉበትና ከዚያ ወዲያ አይንኩ። ማውንቱ (ቴሌስኮፑን ተሸክሞ የሚያዞረው ክፍል) ከትራይፖዱ ሳይፈታ፣ ቢቻል ውኃ በማያስገባ ልባስ ተሸፍኖ እዚያው ይደር። እንዲህ ሲሆን የዋልታ አቅጣጫ ማስተካከሉ (የማውንቱን ዘንግ ሰማዩ ወደሚዞርበት ዋልታ ማቅናቱ) ማረም ብቻ ይሆናል፤ ሁለት ደቂቃ ነው። ካሜራው ከቴሌስኮፑ አይለይ። ኬብሎቹ በአንድ ጥቅል ታስረው፣ ባትሪውም ተሞልቶ በአንድ ሳጥን ይቀመጥ። ፎከሱን በጨለማ ከመፈለግ ባህቲኖቭ ማስክ (ቴሌስኮፑ ፊት የሚደረግ ባለ ቀዳዳ መስመሮች ክዳን) ይጠቀሙ፤ ከጠንካራ ካርቶን በምላጭ ተቆርጦም ይሠራል፣ መሐሉ ላይ ያለው የብርሃን ሰረዝ ከኤክሱ መሐል ሲያልፍ ፎከሱ ገባ።

ኤክስፖዠሩን ያሳጥሩ። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ አንድ ፎቶ ላይ ደመና ለአሥር ሰከንድ ቢያልፍ አምስቱም ደቂቃ ይበላሻል፤ በ30 ሰከንድ ቢያነሡ የሚጥሉት አንድ ወይም ሁለት ፍሬም (ነጠላ ፎቶ) ነው። ብዙ ሰው አጭር ኤክስፖዠር ጥራት ይቀንሳል ብሎ ይፈራል። በጨለማ ገጠር እውነትነት አለው። ከተማ ውስጥ ግን የሰማዩ ብርሃን የሚያመጣው ኖይዝ የካሜራውን የራሱን ኖይዝ በሰከንዶች ውስጥ ስለሚውጠው 30 ሰከንድ የሚያስቀርብዎት ነገር ከቁጥር አይገባም። መለኪያው ሂስቶግራሙ (ካሜራው የፎቶውን ብርሃን ከጨለማ ወደ ደማቅ የሚያሳይበት ግራፍ) ነው፦ ጉብታው ከግራው ጠርዝ ተላቆ አንድ አምስተኛው ወይም አንድ አራተኛው ላይ ከቆመ በቂ ነው።

መሣሪያ ለመግዛት ካሰቡ ከቴሌስኮፕ ይልቅ ፈጣን ሌንስ (የኤፍ ቁጥሩ ያነሰ) ይምረጡ። ኤፍ 2.8 ሌንስ ከኤፍ 5.6 ቴሌስኮፕ ጋር ሲነጻጸር በየፒክሰሉ በአንድ አራተኛ ጊዜ ያንኑ ብርሃን ይሰበስባል። በሲያትል ሰማይ ይህ ከትልቅ መስታወት ይበልጣል። ሁለተኛው ግዢ ሃይድሮጅን አልፋንና ኦክስጅን ሦስትን (የኔቡላ ጋዝ የሚያበራባቸውን ሁለት ቀለሞች) ብቻ የሚያሳልፍ ባለ ሁለት መስመር ማጣሪያ ይሁን፤ ጨረቃ ባለበት ሌሊትም ኔቡላ ማንሳት ያስችላል። ሰማዩ በወር ሦስቴ ለሚገለጥለት ሰው ጨረቃ ወጣች ብሎ መተኛት ቅንጦት ነው። ጋላክሲ ላይ ግን ይህን ማጣሪያ አይጠቀሙ፤ የጋላክሲ ብርሃን የከዋክብት ብርሃን ስለሆነ ማጣሪያው አብዛኛውን ይዘጋዋል።

በበጋ ሰማዩ ይጠራልዎታል፤ ነገር ግን ሰኔ አጋማሽ ላይ በእናንተ ኬክሮስ ሙሉ ጨለማው 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ለየወቅቱ አንድ ኢላማ ይምረጡና በእሱ ይጽኑ። ካሜራው ቴሌስኮፑ ላይ የሚገባበትን አንግል በቀለም ምልክት ካደረጉበት የዘንድሮውን ፍሬም ከከርሞው ጋር መደረብ ይቻላል።

ጥያቄ፦ በ30 ሰከንድ 240 ፍሬም አነሣሁ። መሐል ላይ ስስ ደመና ሲያልፍ አይቻለሁ። ሁሉንም ስደርብ ደማቆቹ ኮከቦች ዙሪያ ጭጋግ የመሰለ ክብ መጣ፣ ጀርባውም አንድ ወገኑ ቀላ። መቶውን ልጣለው? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ከመጣልዎ በፊት ይቁጠሩ። የምልክቱ ጥራት የሚያድገው በፍሬሙ ብዛት ስኩዌር ሩት ነው። ከ240 መቶ ቢጥሉ ጥራቱ በ24 በመቶ ይቀንሳል፤ አርባ ቢጥሉ በ9 በመቶ ብቻ። ስለዚህ በጣም የተበላሹትን መጣል ርካሽ ነው፣ በጅምላ መጣል ግን ውድ ነው።

በሲሪል ፍሬሞቹን ካስተካከሉ በኋላ ፕሎት የሚለውን ገጽ ይክፈቱና የኮከብ ብዛትን ይምረጡ። እንበል በጠራው ፍሬም 1,400 ኮከብ ተቆጥሯል። ደመናው ሲገባ መስመሩ 1,100፣ ከዚያ 600፣ ከዚያ 250 እያለ ይወርድና መልሶ ይወጣል፤ ግራፉ ላይ ጉድጓድ ይመስላል። ከ1,400ው 85 በመቶ፣ ማለትም ከ1,190 በታች ያለውን ሁሉ ምልክቱን ያንሡበት። ያለዎት ጠቅላላ ጊዜ ትንሽ ከሆነ እስከ 60 በመቶ ዝቅ ማለት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን በክብደት ይደርቡ፣ ማለትም የተሻለው ፍሬም በድምሩ ውስጥ የበለጠ ድርሻ ይኑረው። የክብደት ምርጫው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በኖይዝ መመዘን የሚለውን ከመረጡ፣ ጨለማ ገጠር ላይ ደመና የሸፈነው ፍሬም ብርሃን ስለማይገባው ኖይዙ ያነሰ ይመስልና ፕሮግራሙ መጥፎውን ፍሬም ከጥሩው አብልጦ ይመዝነዋል። በኮከብ ብዛት መመዘን የሚለውን ይምረጡ።

የጀርባው መቅላት ሌላ ጉዳይ ነው። ደመና የከተማውን መብራት መልሶ ያንጸባርቃል፤ የሚያንጸባርቅበት ወገን ደግሞ ከፍሬም ፍሬም ይለያያል። ከተደረበ በኋላ ለማጥፋት ቢሞክሩ የተደባለቀ ቅርጽ ነው የሚያገኙት። ከመደረቡ በፊት የጀርባ ማውጫውን በሙሉ ሴኩዌንሱ (በፍሬሞቹ ሁሉ) ላይ ያሂዱት፣ ዲግሪውም 1 ይሁን። ከዚያ በላይ ከሄዱ ፕሮግራሙ ኔቡላውንም እንደ ደመና ቆጥሮ ይቀንሰዋል። ከተደረበ በኋላ የቀረውን በአንድ ጊዜ ያጽዱት።

ኮከቡ ዙሪያ ያለው ክብ ግን በሶፍትዌር በደንብ አይጠፋም። እሱን የፈጠሩት ፍሬሞች ካልወጡ አብሮዎት ይኖራል።

ጥያቄ፦ ትራከር ገዛሁ። መመሪያው የሰሜን ኮከብን ፈልግ ይላል። ቤቴ ሽሮ ሜዳ ነው፤ በሰሜን በኩል ያለው እንጦጦ ብቻ ነው።

መልስ፦ የሰሜን ኮከብ ከፍታ ከሚኖሩበት ኬክሮስ ጋር እኩል ነው፤ ለእርስዎ 9 ዲግሪ። ተራራው ባይኖር እንኳ በአድማስ ጭጋግ ውስጥ ናት። አይፈልጓት።

መጀመሪያ ምን ያህል ትክክል መሆን እንዳለብዎት ያስሉ። አቅጣጫው በአንድ ሙሉ ዲግሪ ቢሳሳት ኮከቡ በደቂቃ እስከ 15.7 የአንግል ሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው) ይንሸራተታል። ባለ 135 ሚሊ ሜትር ሌንስና 3.9 ማይክሮን ፒክሰል ባለው ካሜራ አንድ ፒክሰል 6 የአንግል ሰከንድ ገደማ ነው። ስለዚህ በ30 ሰከንድ ኤክስፖዠር የአንድ ዲግሪ ስሕተት የሚያመጣው መሳብ ከአንድ ፒክሰል ብዙም አይበልጥም። የስልክ ኮምፓስ (እውነተኛ ሰሜን በሚለው ቅንብር) እና የስልክ አንግል መለኪያ በቂ ሆኑ ማለት ነው። ኮምፓሱን ግን ከብረት ትራይፖዱና ከጣሪያው ቆርቆሮ ራቅ አድርገው ያንብቡ፤ ብረት አጠገብ ከአንድ ዲግሪ በላይ ይስታል።

ረዘም ያለ ሌንስ ሲመጣ በድሪፍት፣ ማለትም የኮከቡን መንሸራተት እያዩ፣ ያርሙ። በደቡብ በኩል ከፍ ብሎ ሜሪድያኑ (ከሰሜን ወደ ደቡብ በአናት ላይ የሚያልፈው መስመር) አጠገብ ያለ ኮከብ ይዩ፦ ወደ ደቡብ ከተንሸራተተ ዘንጉ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ ዞሯል፣ ወደ ሰሜን ከሆነ ወደ ምዕራብ። ቀጥሎ በምሥራቅ አድማስ አጠገብ ያለ ኮከብ፦ ወደ ደቡብ ከሄደ ዘንጉ ዝቅ ብሏል፣ ወደ ሰሜን ከሄደ ከፍ ብሏል። ኮምፒውተር የሚያዘው ማውንት ካለዎት ደግሞ ኒና በተባለው ነፃ ፕሮግራም ውስጥ ሦስት ፎቶ አንሥቶ ስሕተቱን የሚያሰላ መሣሪያ አለ፤ ዋልታውን ማየት አያስፈልገውም።

ሌላ የ9 ዲግሪ ጣጣ አለ። ብዙ ማውንት የሚሠራው ለአውሮፓና ለአሜሪካ ነው። የከፍታ ማስተካከያው እስከ 9 የማይወርድ አለ፤ ከመግዛትዎ በፊት ቁጥሩን ይጠይቁ። ወርዶም ዘንጉ ሊጋደም ምንም ስለማይቀረው፣ የትራይፖዱ አንድ እግር ወደ ሰሜን ከዞረ የሚዛን ብረቱ እየዞረ እግሩን ይመታዋል። እግሩን ወደ ደቡብ ቢያዞሩት መምታቱ ይቀራል፣ ክብደቱ ግን በሁለት እግሮች መሐል ስለሚያርፍ የመገልበጥ አደጋ ይመጣል። ከማውንቱ ሥር የምትገባ አጭር ምሰሶ ሁለቱንም ትፈታለች፤ ብረት በያጅ ይሠራታል።

ጥያቄ፦ ራሱ ፈልጎ ራሱ የሚያነሣ ስማርት ቴሌስኮፕ አለኝ፤ ስፋቱ 50፣ የትኩረት ርቀቱ 250 ሚሊ ሜትር ነው። ኦሪዮን አናቴ ላይ ስትሆን ጥግ ያሉት ኮከቦች ይረዝማሉ፣ ብዙ ፍሬምም ይጥላል። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም፤ ጂኦሜትሪው ነው። መሣሪያው ወደ ላይና ወደ ጎን ብቻ ስለሚንቀሳቀስ ኢላማው መሐል ላይ ቢቆይም ምስሉ በዙሪያው ይሽከረከራል። የሽክርክሩ ፍጥነት አናት አጠገብ ይባባሳል። ከአዲስ አበባ ኤም 42 ገና 45 ዲግሪ ላይ እያለ ሽክርክሩ በሰዓት 6 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ጫፉ ላይ፣ 76 ዲግሪ ሲደርስ፣ በሰዓት 60 ዲግሪ። በ10 ሰከንድ ኤክስፖዠር ይህ በፍሬሙ ጥግ ከሦስት ፒክሰል በላይ መሳብ ነው፤ በ30 ሰከንድ ወደ አሥር ይጠጋል።

ስለዚህ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ኤም 42ን ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ተኩል፣ በምሥራቅ ከ30 እስከ 60 ዲግሪ እያለ ያንሡት። ከዚያ ወደ ምዕራብ ወደ ዘቀዘቀችው አንድሮሜዳ ይዙሩና ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ኦሪዮን ወደ ምዕራብ ሲወርድ ይመለሱ። መሣሪያውን አዘንብሎ ሽክርክሩን የማጥፋት ዘዴም አለ፤ በ9 ዲግሪ ኬክሮስ ግን ዕቃው በጎኑ ሊተኛ ምንም አይቀረውም። ከባድ ትራይፖድና ጠንካራ ማጋደያ ሳይኖር አይሞክሩት።

ጥያቄ፦ ክረምቱን መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጥኩት ሌንስ ሻጋታ አበቀለ። እንዴት ላስቀምጥ? (አንባቢ፣ ከጅማ)

መልስ፦ ሻጋታ የሚወደው ከ60 በመቶ በላይ እርጥበት፣ ጨለማና የማይንቀሳቀስ አየር ነው፤ መሳቢያው ሦስቱንም አሟልቷል። የቆዳ ቦርሳ ደግሞ እርጥበት ስለሚይዝ የባሰ ነው። ላስቲክ ባለው ክዳን ጥብቅ የሚል 20 ሊትር ያህል የፕላስቲክ ሳጥን፣ ከ200 እስከ 300 ግራም ሲሊካ ጄልና አንዲት ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ይበቃሉ። መለኪያው ከ40 እስከ 50 በመቶ ያንብብ። ከ30 በታች አያውርዱት፣ የሌንሱ ቅባት ይደርቃል። ሩዝ አይተካውም፤ ዱቄቱ ሌንስ ውስጥ ይገባል።

ብርቱካናማው ሲሊካ ጄል እርጥበት ሲጠግብ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። በ120 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዓት ቢቆይ ቀለሙ ይመለሳል። የእንጀራ ምጣድ ላይ አያስጡት፤ ሙቀቱ ከልክ ያልፍና ቀለሙ ይቃጠላል፣ ከዚያ በኋላ መጥገቡን የሚነግርዎት ነገር የለም። የሻገተውን ሌንስ ከሌሎቹ ይለዩት። ፊቱ ላይ ብቻ ከሆነ በሌንስ ማጽጃ ይነሣል፤ በመስታወቶቹ መሐል ከገባ ግን ባለሙያ ይፍታው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነኝ። ደመና የለም፣ ፎቶው ግን አይረባም።

መልስ፦ እናንተ ጋ ደመናውን የሚተኩት ሙቀት፣ አቧራና ላበት ናቸው። የሴንሰር የሙቀት ኖይዝ በየ6 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በእጥፍ ያድጋል፤ በ35 ዲግሪ ሌሊት ያነሡት ፎቶ በ10 ዲግሪ ከተነሣው ከ15 እጥፍ በላይ የሙቀት ኖይዝ አለበት። ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉትን ሌሊቶች ይጠቀሙ፣ ወይም ማቀዝቀዣ ያለው ካሜራ ይግዙ። ከባሕሩ ራቅ ብለው ወደ በረሃው ሲገቡ እርጥበቱ ይቀንሳል። አቧራ ያረፈበትን ሌንስ በጨርቅ አይጥረጉ፤ በአየር መንፊያ ያራግፉት።

ከኤሲ ክፍል ቀጥታ ወደ ውጭ የወጣ ሌንስ በደቂቃ ውስጥ ላብ ይለብሳል። ከመውጣትዎ በፊት ካሜራውን በሚታሸግ ፕላስቲክ ውስጥ ያስገቡት፣ ውጭ 45 ደቂቃ ያህል ሳይከፍቱት ይቆይ። ላቡ ፕላስቲኩ ላይ ይቀራል።